ስሙ ይታወቃል፣ ሥራው አይታወቅም፦ ከትል ፕሮቲኖች ጋር ያሳለፍኩት ዘመን

እሺ፣ ድምፄ እስከ ኋላ ይሰማል አይደል? ጥሩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ፣ ወረቀቶቹ የታተሙት በዛ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ፣ እኔ ትል ወድጄ አይደለም ትል ውስጥ የገባሁት። ባዮኬሚስት ነኝ፣ የተማርኩት ፕሮቲን ማጥራት ነው፣ ከብዙ ሺ ፕሮቲን መሃል አንዱን ለይተህ አውጥተህ "አንተ ምንድነው ሥራህ?" ብሎ መጠየቅ፣ በቃ ሙያዬ ይሄ ነው። ትሉ የመጣው በጎን ነው። ፒኤችዲ ልጀምር አማካሪዬ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ቢከር ተቀምጧል፣ ውስጡ ቀላ ያለ ፈሳሽ፣ "ይሄ ምን ይመስልሃል?" አሉኝ። ደም ነዋ፣ በውሃ የቀጠነ ደም። "የወስፋት ነው" አሉኝ። በትሉ የሰውነት ግድግዳና በአንጀቱ መሃል ካለው ክፍተት በመርፌ የተቀዳ። እኔ ወስፋት የማውቀው ነጣ ያለ ገመድ ነገር ሆኖ ነው፣ ሴቷ እስከ 35 ሳንቲሜትር ትደርሳለች፣ ውስጧ ቀይ ፈሳሽ ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ቀይ ያደረገው ደግሞ ሄሞግሎቢን ነው፣ እኛ ደም ውስጥ ላለው የሩቅ ዘመድ የሚሆን።

እስቲ አስቡት፣ ወስፋት የሚኖረው አንጀት ውስጥ ነው፣ እዛ ደግሞ ኦክስጅን የለም በሚባል ደረጃ ጥቂት ነው። ታዲያ ኦክስጅን የሚይዝ ፕሮቲን እንዲህ በብዛት ሠርቶ ምን ሊያደርግበት ነው? አማካሪዬ መልሱን አልነገሩኝም፣ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ለካ እሳቸውም አያውቁትም።

ትሉን የምናመጣው ከአሳማ ቄራ ነው፣ የአሳማውን ወስፋትና የሰውን ወስፋት መንታ በሏቸው፣ ለመለየት እንኳ ያስቸግራሉ። ጠዋት ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ሆኖ በቴርሞስ ይመጣል፣ ቶሎ ካልደረስክለት ይሞታል፣ ሲሞት ደግሞ የራሱ ኢንዛይሞች የራሱን ፕሮቲን ይበሉታል፣ ስለዚህ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትተህ መቀስህን ይዘህ ትቀመጣለህ። ሽታውን ተዉት አልነግራችሁም። ከሽታው የባሰ ነገር አለው፣ ወስፋት ላይ ብዙ የቆየ ሰው አለርጂ ይይዘዋል፣ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነገር ነው፣ እኔም ሁለተኛው ዓመት ላይ ክዳኑ ገና ሲከፈት ማስነጠስ፣ ዓይኔም ማልቀስ ጀመረ፣ የላቡ ሰዎች የምሠራበትን ቀን የሚያውቁት በማስነጠሴ ነበር። አለርጂውን ከሚያመጡት አንዱ ኤቢኤ-1 የሚባል ትንሽዬ ፕሮቲን ነው፣ ቅባት የሚሸከም። በኋላ እሱን ራሱን አጠራሁት፣ ቂሜን ተወጣሁ በሉት።

ሄሞግሎቢኑን ማጥራት ግን ደስ ይል ነበር፣ እውነቴን ነው። ቀዝቃዛው ክፍል 4 ዲግሪ ነው፣ ጃኬት ደርበህ ትገባለህ፣ መጀመሪያ በአሞኒየም ሰልፌት ጨው የማትፈልገውን ፕሮቲን ታዘቅጠዋለህ፣ የቀረውን ኮለም ላይ ታፈሰዋለህ፣ ፕሮቲኖችን የሚለያይ ነጭ ነገር የተሞላ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፣ ከዛ ቀዩ ቀለበት በነጩ ሙሌት ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ ቆመህ ታየዋለህ። ብዙው ፕሮቲን ቀለም የለውም፣ የቱ ቱቦ ውስጥ እንዳለ የምታውቀው በማሽን ለክተህ ነው፣ ይሄኛው ግን እዚህ ነኝ እያለህ ነው የሚሄደው። ጣቴ ደንዝዞ እንኳ ከዛ ክፍል መውጣት አልፈልግም ነበር።

ስንለካው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የወስፋት ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን የሚይዘው ከሰው ሄሞግሎቢን ወደ 25,000 ጊዜ በሚበልጥ ጥብቀት ነው። እኔ ነኝ መጀመሪያ ያገኘሁት እያልኩ አይደለም፣ ከኔ በፊት የለኩ ሰዎች ነበሩ፣ ግን በገዛ እጅህ ለክተህ ስታየው ሌላ ነገር ነው። የኛው ሄሞግሎቢን ጎበዝ የሚባለው'ኮ ስለሚይዝ ብቻ አይደለም፣ ስለሚለቅ ነው፣ ከሳንባ ተቀብሎ ጡንቻ ጋ ሲደርስ በሰከንድ ቁርጥራጭ ይለቃል። የወስፋቱ ለመልቀቅ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ ተበድሮ እንደማይመልስ ሰው በሉት። ለምን እንደዛ እንደሆነ በ1995 በኤክስሬይ የተሠራው ቅርፁ አሳየ፣ ኦክስጅኑ የሚቀመጥበት ኪስ ውስጥ ሁለት አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች፣ አንድ ታይሮሲንና አንድ ግሉታሚን፣ ከሁለት በኩል ቆልፈው ይይዙታል፣ የኛ ላይ በግሉታሚኑ ቦታ ያለው ሂስቲዲን ነው። ቅርፁ "እንዴት ይይዛል" የሚለውን መለሰ፣ "ለምን ይይዛል" የሚለው ግን እንዳለ ቀረ።

ያ ደግሞ እስከ 1999 ቆየ። በዛ ዓመት የወጣው ሥራ ይሄ ፕሮቲን ናይትሪክ ኦክሳይድን ተጠቅሞ ኦክስጅንን እንደሚያጠፋ አሳየ፣ ማለትም ኦክስጅን አያደርስም፣ ያስወግዳል፣ ምክንያቱም ኦክስጅን ለወስፋት እንደ መርዝ ነው። ገባችሁ? ስሙ ሄሞግሎቢን፣ ቅርፁ የሄሞግሎቢን፣ ቀለሙ የሄሞግሎቢን፣ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ። እኔ በዚህ አንድ ፕሮቲን ላይ የወጣትነቴን ጥሩ ጥሩ ዓመታት አሳልፌያለሁ፣ እና ከሱ የተማርኩት ጥርጣሬ ነው፣ የፕሮቲን ስም ሰምቼ ሥራውን አወቅኩ ማለት ከዛ ወዲህ አልችልም።

አሁን ጂኖሙ ጋ ልምጣ፣ የትሉ ዲኤንኤ ሙሉ ጽሑፍ ማለት ነው፣ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለሱ ይመስለኛል።

እኔ ስጀምር የአንድን ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ማወቅ ትልቅ ጉዳይ ነበር። ከዛ በፊትማ ፍሬድ ሳንገር ኢንሱሊንን፣ 51 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላትን፣ ለማንበብ አስር ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል፣ በ1958 ኖቤል ያገኘውም በዛ ነው። እኛ ማሽን ነበረን፣ ማሽኑ ከፕሮቲኑ ጫፍ አንድ አንድ አሚኖ አሲድ እየቆረጠ ስሙን ይነግርሃል፣ ሃያ ሰላሳ ያህል ከሄደ በኋላ ይደበዝዛል፣ በቃ በዛችው ቁራጭ ዳታቤዝ ውስጥ ዘመድ ትፈልጋለህ።

እዚህ ጋ አንድ ውርደቴን ልንገራችሁ። ከትሉ ላይ አንድ አዲስ ፕሮቲን አጠራሁ፣ ጄል ላይ፣ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለይ ስስ ንጣፍ ነው፣ ቀጥ ያለች አንዲት ሰማያዊ መስመር፣ ቅደም ተከተሉ ሃያ አሚኖ አሲድ ድረስ ጥርት ብሎ ተነበበ፣ ዳታቤዝ ውስጥ የሚመስለው የለም። አዲስ የትል ፕሮቲን! ፖስተር ሠርቼ ኮንፈረንስ ላይ ለጥፌ ቆምኩ፣ ሰው እየመጣ እያደነቀ። ከወራት በኋላ ዳታቤዙ ሲታደስ ድጋሚ ፈለግኩት፣ ወጣ፣ የአሳማ ነው። የአሳማው የራሱ ፕሮቲን፣ ትሉ ቆዳ ላይ ተለጥፎ የመጣ። እንግዲህ አንጀት ውስጥ የሚኖር ነገር የባለቤቱን ነገር ለብሶ እንደሚመጣ አለማሰቤ ነው። ፖስተሩን ጠቅልዬ ከቁም ሳጥን ኋላ ከተትኩት፣ እስካሁንም እዛው ያለ ይመስለኛል።

የተገላቢጦሹም ገጥሞኛል። አንድ ጊዜ የውሻ ልብ ትል ናሙና አምጥተውልኝ ጄል ላይ አስሮጥኩት፣ ከቀለሙ ሳወጣው መሰላል ሆኖ ወጣ፣ እኩል እኩል የተራራቁ ደረጃዎች፣ ከታች ወደ ላይ። ቆሽሿል ብዬ ጣልኩት፣ ደገምኩት፣ አሁንም መሰላል። ለካ እውነተኛ ነገር ነው፣ እነዚህ ትሎች የኤቢኤ-1ን ዘመዶች አንድ በአንድ አይሠሯቸውም፣ አንዱን ክፍል ደጋግሞ ደጋግሞ በአንድ ረጅም ሰንሰለት ይሠሩና ከዛ ይቆራርጡታል፣ እያንዳንዱ ደረጃ ገና ተቆርጦ ያላለቀ ሰንሰለት ነው። አሳማው ላይ ያመንኩት ውሸት ሆነ፣ መሰላሉ ላይ ያላመንኩት እውነት ሆነ፣ ምን ይባላል።

ከዛ 1998 መጣ። ሲ ኤለጋንስ የምትባለው ትል፣ ጥገኛ አይደለችም፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ናት፣ አፈር ውስጥና የበሰበሰ ነገር ላይ ባክቴሪያ እየበላች ትኖራለች፣ ሲድኒ ብሬነር በ1960ዎቹ ነው ለምርምር የመረጣት። ሰውነቷ ውስጥ 959 ሴል፣ ከሱ ውስጥ 302 ነርቭ፣ እያንዳንዱ ከየት እንደተወለደ ጆን ሰልስተንና ጓደኞቹ በማይክሮስኮፕ ቁጭ ብለው ተከታትለው ጽፈውታል። የዚች ትል ጂኖም ከእንስሳት ሁሉ ቀድሞ ተነበበ፣ 97 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል፣ ከ19,000 በላይ ጂን። እኔ ያን ቀን የተሰማኝን ልንገራችሁ፣ ደስታ አይደለም፣ ሥራ አጥ የሆንኩ መሰለኝ። አንድ ፕሮቲን ለማንበብ ወራት የምለፋ ሰው፣ አስራ ዘጠኝ ሺው በአንዴ ቁጭ ብሎ ሳየው ከዚህ በኋላ ቀዝቃዛ ክፍል ማን ይገባል አልኩ። ዝርዝሩን ከፍቼ ሳነብ ግን ተረጋጋሁ፣ ከፕሮቲኖቹ ከትል ዓለም ውጪ የሚመስላቸው የተገኘው ከግማሽ በታች ናቸው። የቀሩት ወይ ሌላ ትል ውስጥ ብቻ አሉ ወይ የትም የሉም፣ ስማቸውም ቁጥር ነው።

ከዛ በኋላ የጥገኛ ትሎቹ ተከታተሉ፣ ዝሆኔ ከሚያመጡት አንዷ ብሩጂያ ማላዪ በ2007፣ ቢልሃርዚያ በ2009፣ የአሳማ ወስፋት በ2011፣ ደም መጣጩ መንጠቆ ትል በ2014፣ በ2019 ደግሞ የ81 ዝርያዎች ጂኖም ጎን ለጎን የተነጻጸረበት ትልቅ ሥራ ወጣ። ይሄ ሁሉ ሩጫ በከንቱ አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአፈር የሚተላለፉት የአንጀት ትሎች ብቻ 1.5 ቢሊዮን ገደማ ሰው ውስጥ አሉ።

ጂኖሙ መጀመሪያ ያስተማረን ያለውን ሳይሆን የሌለውን ነው። ኩሽና የሌለው ቤት ካያችሁ ባለቤቱ ሰው ቤት እንደሚበላ ታውቃላችሁ አይደል? ቢልሃርዚያ ፋቲ አሲድ መሥራት አይችልም፣ ኮሶ ትልም እንደዛው፣ ኮሶማ አንጀት እንኳ የለውም፣ በቆዳው ነው የሚመጠው። ወስፋትና ዘመዶቹ ደግሞ ሂምን፣ ሄሞግሎቢኑን ቀይ የሚያደርገውን ነገር፣ ከጥሬ ዕቃ ጀምሮ የሚሠሩበት መንገድ ጠፍቶባቸዋል። ይሄን ሳነብ ያ ቢከር ትዝ አለኝ፣ እንደዛ የቀላው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሂም ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው ማለት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ቆሜ ሳየው ይሄን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። ይሄን በእጅ አጥርተህ አታገኘውም፣ የሌለን ነገር ማጥራት አይቻልም፣ እዚህ ጋ ጂኖሙ በልጦኛል፣ አምኛለሁ።

ወስፋት ሌላም ጉድ አለው። ከሰውነቱ ሴሎች ውስጥ ዲኤንኤውን ቆርጦ ይጥላል። ቴዎዶር ቦቬሪ በ1887 በፈረስ ትል ላይ በማይክሮስኮፕ ያየው ነገር ነው፣ ሽሉ ገና ጥቂት ሴል እያለ እንቁላልና ዘር የሚሆኑት ሴሎች ሙሉውን ይይዛሉ፣ ጡንቻ ቆዳ አንጀት የሚሆኑት ግን ከፊሉን ይጥሉታል። በወስፋት ላይ ሲለካ የሚጣለው 13 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች አሉበት። ስለዚህ "የወስፋት ጂኖም" ሲባል የትኛው ሴል ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ፣ ሰዓት ስንት ነው? እሺ አለን።

ጂኖሙ ከተነበበ በኋላ "አሁን መድኃኒቱ ቀላል ነው" ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ መሰላችሁ። ፕራዚኳንቴልን ተመልከቱ፣ የቢልሃርዚያ መድኃኒት፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ስንትና ስንት ሚሊዮን ሰው የዋጠው። ትሉ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው ጡንቻው ይኮማተራል፣ ካልሲየም ወደ ውስጥ እየገባ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚነካ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ጂኖሙ በ2009 ወጣ፣ ፕሮቲኑ ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሁላችንም እናየዋለን፣ እሱ መሆኑ የታወቀው ግን በ2019 ነው፣ አስር ዓመት። ትሪፕ ከሚባሉት የካልሲየም በሮች አንዱ ሆኖ ተገኘ። እንዴት ተገኘ? በሮቹን አንድ በአንድ ሴል ውስጥ እያሠሩ መድኃኒቱን እየጨመሩ፣ የቱ ይከፈታል ብለው በማየት። ከዛ በኋላ ሌላ የቆየ እንቆቅልሽ አብሮ ተፈታ፣ ፕራዚኳንቴል የጉበት ትልን ለምን እንደማይገድል፣ የጉበት ትሉም ያው በር አለው፣ ግን መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ኪስ ውስጥ አንዲት አሚኖ አሲድ ትለያለች። አንዲት!

የአልቤንዳዞልም ታሪክ ይመሳሰላል፣ እሱ የሚይዘው ቤታ ቱቡሊን የሚባለውን የሴል ማገር ፕሮቲን ነው፣ መድኃኒቱን በተላመዱ የበግ ጨጓራ ትሎች ላይ ሲታይ 200ኛዋ አሚኖ አሲድ ከፌኒልአላኒን ወደ ታይሮሲን ተቀይራ ተገኘች። ሁለቱ የሚለያዩት በአንድ የኦክስጅን አተም ነው፣ ዲኤንኤው ላይ ደግሞ በአንድ ፊደል። መድኃኒቱን ዋጋ ለማሳጣት ይሄ በቂ ነው።

የኔን ክርክር ከሁሉ የሚያስረዳልኝ ግን ይሄኛው ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ትሎች ሰውነታችን ውስጥ ዓመታት የሚኖሩት የመከላከያ ሴሎቻችንን ስለሚያረጋጉ ነው። እኛ ራሳችን "ተረጋጋ" የምንልበት ሆርሞን መሰል ፕሮቲን አለን፣ ቲጂኤፍ ቤታ ይባላል። የአይጥ አንጀት ውስጥ ያለች አንድ ትል የምትተፋው ፈሳሽ ልክ እንደዛ ያደርጋል፣ ሴሎቹ ይረጋጋሉ። ስለዚህ ሰው ምን ይጠብቃል፣ ትሏ ቲጂኤፍ ቤታ የሚመስል ጂን አላት፣ እሱ ነው ብሎ፣ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል። እሱ አልነበረም። በመጨረሻ እንዴት ተገኘ፣ በጥንቱ መንገድ፣ ትሏን አኑረህ የምትተፋውን ሰብስበህ፣ በኮለም በክፍል በክፍል ከፋፍለህ፣ እያንዳንዱን ቱቦ ሴል ላይ ጨምረህ የቱ ያረጋጋል ብለህ፣ ያረጋጋውን ወስደህ ውስጡ የትኞቹ ፕሮቲኖች እንዳሉ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ የፕሮቲን ቁርጥራጮችን ክብደት በሚለካ ማሽን፣ ታያለህ። በ2017 ወጣ፣ የተገኘው ፕሮቲን ከቲጂኤፍ ቤታ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ ሌላ ቤተሰብ ነው፣ ከሌላ ተነስቶ እዛው ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ቁልፍ ሆነ። በኮምፒውተር ዝምድና ብትፈልግ መቶ ዓመት አታገኘውም። ግን ደግሞ ልብ በሉ፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩ የሰጠውን ቁርጥራጭ የሚያነጻጽሩት የትሏ የጂን ዝርዝር ባይኖር ስሙን አያገኙትም ነበር። ሁለቱም ያስፈልጋል፣ ዝርዝሩም ቀዝቃዛው ክፍልም፣ ችግሩ ገንዘብ ሰጪው ዝርዝሩን ይወዳል፣ ቀዝቃዛው ክፍል ፎቶ ላይ አያምርም።

መንጠቆ ትሉ ከ100 በላይ የሚሆኑ ከአንድ ቤተሰብ የሆኑ ጂኖች አሉት፣ ሰው ውስጥ ሲገባ ከሚያፈሳቸው ነገሮች ውስጥ ብዙዎቹ ከዚህ ቤተሰብ ናቸው፣ ስም አላቸው፣ ክትባት እናድርጋቸው ተብሎም ተሞክሯል፣ ግን የአብዛኞቹን ሥራ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ ቅርፁም በነጻ ይገኛል። ማክስ ፔሩትዝ የሄሞግሎቢንን ቅርፅ ለማየት ከ1937 ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ለፍቷል። በ2022 አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲን ቅርፅ ገምቶ አስቀመጠ፣ ሠሪዎቹም በ2024 ኖቤል አገኙ፣ ይገባቸዋል፣ እኔም በየቀኑ ነው የምጠቀመው። ባለፈው አንዷ ተማሪዬ ላፕቶፗን ይዛ መጣች፣ ስም የለሽ ከሆኑት ፕሮቲኖች የአንዱን ቅርፅ አሳየችኝ፣ የሚያምር ነገር፣ መሃሉ ላይ ጥልቅ ኪስ አለው። "ጋሽዬ፣ ኪስ አለው፣ የሆነ ነገር ይይዛል" አለችኝ። ምን ይይዛል አልኳት። ስክሪኑን አዞረችው፣ አገላበጠችው፣ ከላይ ከታች አየችው፣ ዝም አለች። ከዛ "ትሉ መቼ ነው የሚመጣው?" አለች።

ማክሰኞ መጣ። አሁን ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ናት፣ ይሄኛው ፕሮቲን ቀለም የለውም፣ ስለዚህ ሰማንያ ቱቦ አንድ በአንድ መለካት አለባት፣ እስከ ትናንት ማታ 47ኛው ላይ ደርሳለች። ማስነጠስም ጀምራለች።

እሺ፣ ጥያቄ ካለ፣ እዛ ኋላ እጅ ያወጣኸው ልጅ፣ ቀጥል።